ምሽት ላይ የሚጠፉት ቻናሎች

የምሠራው ካምፐር መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ካምፐር ስል አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለውን፣ ሰው እየተጓዘ የሚኖርበትን መኪና ማለቴ ነው። ሞተሩንና ጎማውን ሌሎች ይይዙታል። የእኔ ድርሻ ባትሪው፣ መብራቱ፣ ዲሹና ቴሌቪዥኑ ነው።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ካምፐራቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ ወጥተው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ የሚያሳልፉ ሰዎች ናቸው። ችግሩን ሲነግሩኝ ሁለቱም እየተሻሙ ነበር። ምሽት ላይ ቻናል ይጠፋል። ሁሉም ግን አይደለም። ሰውየው የሚያዩት ዜና ይሠራል፤ ሚስታቸው የሚከታተሉት ድራማ ይጠፋል። ጠዋት ሲነሱ ሁሉም ተመልሷል።

"ልጄ፣ እኔ ሪሞቱን አልነካሁትም" አሉኝ ሰውየው።

እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ አሳይተዋል። ዲሹ አፍ ላይ ያለው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ሲግናሉን ተቀብሎ በኬብል የሚያወርደው ዕቃ፣ ተቀይሯል። ዲሹ እንደገና ተስተካክሏል። ቻናሎቹም ከዜሮ ተፈልገው ተጭነዋል። መኪናውን ሲረከቡ ሁሉም ቻናል ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ሄደው ባረፉበት የመጀመሪያ ምሽት ግን ያው ሆነ። ተመልሰው ሲጠይቁ "ዛፍ ሥር እያቆማችሁ ነው" ተብለው ተሸኙ። እማማ በዚህ በጣም ተከፍተው ነበር። "ሜዳ ላይ ነበርን፣ አንድም ዛፍ የለም ብንል ማን ይስማን" አሉኝ።

ዛፍን መጠርጠር ራሱ ጥፋት አይደለም። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው ያሉት። ከዚያ ርቀት የሚደርሰን ሲግናል እጅግ ደካማ ስለሆነ ቅጠል፣ በተለይ የረጠበ ቅጠል፣ በቀላሉ ይውጠዋል። ከምድር ወገብ ርቀን በሄድን ቁጥር ደግሞ ዲሹ ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከመኪናው ራቅ ያለ ዛፍ፣ አንዳንዴም አጠገብ የቆመ ሌላ ካምፐር ሊጋርደው ይችላል። ከሚመጡልን የ"ሲግናል የለም" አቤቱታዎች ብዙዎቹ መኪናውን ጥቂት ሜትር በማንቀሳቀስ ይፈታሉ።

ዛፍ ግን ቻናል እየመረጠ አይከለክልም። ያዩዋቸው የነበሩት ቻናሎች በሙሉ የሚመጡት ከአንድ ሳተላይት ነው። እርግጥ ሲግናል ሲዳከም ሁሉም እኩል አይጠፋም፤ ደካማዎቹ ቀድመው ይወድቃሉ። ስለዚህ የትኞቹ እንደሚጠፉ በስም ማወቅ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። የጠፋው ቻናል፣ ያልጠፋው ቻናል፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከዚያ በፊት ያየው ባለሙያ አልነበረም። እንዲህ ያለ ደብተር ለእኔ ከየትኛውም የመለኪያ መሣሪያ ይበልጣል። ደንበኛ ከዕቃው ጋር ይኖራል፤ እኛ የምናየው ለጥቂት ሰዓት ነው።

ዝርዝሩን ይዤ ቴሌቪዥኑ ላይ የእያንዳንዱን ቻናል ፍሪኩዌንሲ አየሁ። የሚጠፉት በሙሉ ኤች፣ ማለትም ሆሪዞንታል (ሞገዳቸው አግድም የሚወዛወዝ) ናቸው። የማይጠፉት በሙሉ ቪ፣ ማለትም ቨርቲካል (ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ) ናቸው። አንድም የተቀላቀለ የለም። ከሚጠፉት መካከል ደግሞ እኛ ግቢ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ጥራት የሚያሳዩ ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ስለ ዛፍም ስለ ዲሹ አቅጣጫም ማሰብ አቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዘው በቮልቴጅ ነው። ምስሉን በሚያመጣው በዚያው ኬብል ወደ ላይ 13 ቮልት ከላከ ኤልኤንቢው ቪን ይቀበላል። 18 ቮልት ከላከ ወደ ኤች ይዞራል። 18ቱ በመንገድ ላይ ቀንሶ ከ16 በታች ከወረደ ኤልኤንቢው የታዘዘውን ላይለይ ይችላል። ያኔ ቪ ላይ ይቀራል፣ የኤች ቻናሎችም በጅምላ ይጠፋሉ። ቴሌቪዥኑ "ሲግናል የለም" ብሎ ይጽፋል እንጂ "ቮልቴጅ አነሰኝ" አይልም።

ቴስተሬን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ለካሁ። 18 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁሉም ቻናል ይሠራል።

ወረድኩና ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ። ማታ ማታ ካምፐሩ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? የማይረባ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሁሉንም ነገር ፈታው። ሰውየው የመብራት ሶኬት ያለበት ካምፕ አይወዱም፤ ሰው ይበዛበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያርፉት በባትሪ ብቻ ነው። እማማ ደግሞ ሙቀት አይችሉም። ምሽት ላይ ቴሌቪዥን ከመክፈታቸው በፊት የጣሪያውን ፋን ያበራሉ።

ጋራዣችን ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ካምፐር ገብቶ ሲቆም የመጀመሪያው ሥራ ከግድግዳ ሶኬት ጋር መሰካት ነው። ባትሪው እንዳይወርድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። የትም ጋራዥ ያለ ልማድ ይመስለኛል። መኪናው ሲሰካ ቻርጀሩ የ12 ቮልቱን መስመር ከ13.5 በላይ ይይዘዋል። ባልና ሚስቱ በሚያርፉበት ሜዳ ላይ ግን ያ ቮልቴጅ የለም። ግማሽ ያህል የወረደ የሊድ ባትሪ 12.2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ዕቃው እኛ ጋ የሚፈተነው በማያውቀው ምቾት ውስጥ ነበር።

ሶኬቱን ነቀልኩት። ባትሪው እስኪወርድ ጠበቅን። ሁሉም ቻናል ይሠራል። መብራቶቹን አበራን፣ ይሠራል። ፋኑን አበራን። ድራማው የሚታይበት ቻናል ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ዜናው አለ። ፋኑን ስናጠፋ ድራማው ተመለሰ። እማማ ባለቤታቸውን አዩአቸው፣ ምንም አላሉም።

ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ሥራ ነው። ይህ ቴሌቪዥን በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ሪሲቨሩም ውስጡ ያለ ዓይነት ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ቁምሳጥን ፈታሁ። ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፋኑን የገጠመው ሰው ለብቻው መስመር አልዘረጋም፤ ከዚሁ ሽቦ ላይ ቀጥሎ ሄዷል። መጋጠሚያውም ዝጓል። ሽቦው ከባትሪው እስከ ቴሌቪዥኑ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ 8። እንዲህ ባለ ሽቦ 6 አምፔር ሲያልፍ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የዛገው መጋጠሚያ የሚወስደው ሳይቆጠር። ቴሌቪዥኑ ጋ ስለካ ከ11 በታች ነበር። በዚያ ቮልቴጅ ምስሉም ድምፁም ይሠራል። ውስጡ ያለው ሪሲቨር ግን 18ቱን አሳድጎ መላክ ያቅተዋል። ጣሪያ ላይ ደግሜ ስለካ ከ16 በታች ወርዶ አገኘሁት።

ኤልኤንቢው ጤነኛ ነበር። የተቀየረው አሮጌውም ጤነኛ እንደነበር አልጠራጠርም።

ለቴሌቪዥኑ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ከባትሪ ዘረጋሁ፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አደረግኩት። ፊውዝ ባትሪው ጋ ካልሆነ ሽቦው መሐል ላይ ሲላጥ የሚያድነው የለም። ይህን ችላ የሚሉ ሰዎች ያሳስቡኛል፤ ካምፐር ውስጥ ሰው ይተኛል። ፋኑም የራሱን መስመር አገኘ። የዲሹን ኬብል ጫፎችም ቆርጬ አዲስ ማገናኛ ገጠምኩ፤ አሮጌዎቹ እርጥበት ገብቶባቸው ነበር።

አለቃዬ በዚህ መሐል መጥቶ "ለቴሌቪዥን ይህን ሁሉ ሰዓት?" አለኝ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ሰዓት ገንዘብ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በየጊዜው ቦታ ለሚቀይር ሰው ማታ የሚያያት ቴሌቪዥን ትንሽ ነገር አይደለችም። ስለ ማዕበልና ጎርፍ የሚሰማው ከእሷ ነው። ደግሞም ባልና ሚስት ባንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ "አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ" ሲባባሉ መክረማቸው ያሳዝናል። ሁሉንም ካስረዳሁት በኋላ አለቃዬ ራሱ ደንብ አወጣ። ማንኛውም ካምፐር ከመውጣቱ በፊት ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ባለቤቱ ማታ የሚያበራው ሁሉ በርቶ ይፈተናል።

ባልና ሚስቱ መኪናውን ሊረከቡ ሲመጡ እማማ አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። ልጃቸው "ዲሹን ጣሉት፣ በኢንተርኔት እዩ" ብሏቸዋል። "አንተ ምን ትላለህ?" አሉኝ።

ልጃቸው እውነት አለው። በኢንተርኔት ሲታይ የፈለጉትን በፈለጉት ሰዓት ነው። ግን መጀመሪያ ዳታው አለ። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው በኤችዲ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በ4ኬ ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይሄዳል። በየምሽቱ ለሚያይ ሰው ይህ ቶሎ ይጠራቀማል። ለካምፐር ትንሽ ቴሌቪዥን 4ኬ ምንም አይጨምርም፤ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ዳታን በብዙ ይቆጥባል። የካምፕ ዋይፋይ ደግሞ ቀን ላይ ደህና ይሆንና ማታ ሁሉም ሰው ሲከፍት ይንቀራፈፋል። ብዙ ጊዜ መግቢያ ገጽ ላይ ስምና ኮድ ይጠይቃል፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካው ትንሹ ስቲክ ያንን ገጽ መክፈት ሊያስቸግረው ይችላል። ገጹን በስልክ ከፍተው ከገቡ በኋላ ዋይፋዩን ለሌሎቹ ዕቃዎች የሚያካፍል ትንሽ ራውተር ቢኖር ይሻላል።

ሰውየው ኢንተርኔት በሳተላይት ስለሚያቀርበው ስታርሊንክ ጠየቁኝ። እዚያ ላይ ጥቂት ቆየን። ሳተላይቶቹ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ ፍጥነቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን እየተንቀሳቀሱ ስለሚያልፉ አንቴናው ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል። የቴሌቪዥን ዲሽ የሚያየው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በሁለት ዛፎች መሐል ክፍተት ካገኘ ይበቃዋል። ሌላው ነገር ባትሪው ነው። መደበኛው አንቴና እንደ ሞዴሉ ከ50 እስከ 100 ዋት ይበላል። 60 ዋት ብንል በ12 ቮልት 5 አምፔር ነው፤ ለ4 ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር በኩል ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። የእነሱ ባትሪ 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ ባትሪ ነው። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። ከቀረው 50 ላይ 20 ለኢንተርኔት፣ 12 ለቴሌቪዥን ስናነሳ፣ ለፋኑና ለመብራቱ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ፋን አይበቃም።

"ፋኑ ከጠፋ እኔ አልተኛም" አሉ እማማ።

ስለዚህ ዲሹ እንዲቆይ ተስማማን። ለቀጥታ ዜናና ለድራማው ዳታ አይበላም፤ ስልክ በማይሠራበት ቦታም ይሠራል። ለቀረው ደግሞ ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር መረጡ፤ ኃይል የሚወስደው ጥቂት ዋት ነው። የካምፐሩ የብረት አካል የስልክ ሲግናል ስለሚያዳክም አንቴናውን ጣሪያ ላይ ገጠምኩት። ደህና ዋይፋይ ባገኙበት ቦታ ፊልም አውርደው እንዲያስቀምጡም አሳየኋቸው። የራውተሩን ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር አልቀጠልኩትም። እሱም ለብቻው፣ ከነፊውዙ፣ በቀጥታ ከባትሪው ወጣ።