«ውሽውሽ ጦርነት አለ እንዴ?»

እንዲህ ብለው የጠየቁን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሻይ ቤት ያላቸው ደንበኛችን ናቸው። ጊዜው ጥር 2014 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው፣ ከወር በላይ ቆይተው፣ ህዳር መጨረሻ ላይ በመንግሥት እጅ ተመልሰው ነበር። ሱቁ ሁሉ ከባዶ እየጀመረ ነው።

እኔ ያኔ ኮምቦልቻ አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። የሚገባውን ቆጥሬ እረከባለሁ፣ የሚወጣውን እመዘግባለሁ። እኚህ እትዬ ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደው ከመጡ ሁልጊዜ የሚገዙት ጥሩውን ሻይ ቅጠል ነው። የዚያን ቀን ዋጋውን ስነግራቸው ወደ ባለቤቱ ዞሩ።

«ሀጂ፣ ሻዩ የሚለቀመው ውሽውሽ ነው። ውሽውሽ ጦርነት አለ እንዴ? ተራው ሻይ ጨመረ፣ እሺ ይሁን። ጥሩው ግን ሰማይ ነካ! ደግሞ መንገዱም ተከፍቷል።»

እውነታቸውን ነው። ውሽውሽ ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ አጠገብ ነው። ሌላው የሻይ እርሻ ጉመሮም ኢሉባቦር፣ ጎሬ አካባቢ ነው። ሁለቱም ከእኛ በጣም ሩቅ ናቸው። ቅጠሉ የተኩስ ድምፅ ሳይሰማ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ታሽጎ ነው የሚወጣው።

በዚያ ሰሞን ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሁሉም ነጋዴ መልስ አንድ ነበር፦ «መንገዱ ነው።» ሽንኩርት ሲወደድ መንገዱ፣ ሳሙና ሲወደድ መንገዱ። ሀጂ ግን እንደዚያ አላሉም። «አብሽሪ እህቴ፣ ነይ ግቢና ላሳይሽ» ብለው ወደ መጋዘኑ ወሰዷቸው።

ሁለት ካርቶን አስወረዱኝ። አንዱን ከፍተው «አሽትችው» አሏቸው። እትዬ አፍንጫቸውን አስጠግተው ወዲያው ፊታቸውን መለሱ። «ሳሙና ሳሙና ይላል!»

ነገሩ ይኸው ነው። ሻይ ቅጠል በደንብ የደረቀ ነገር ስለሆነ ያገኘውን እርጥበትና ሽታ ሁሉ ይስባል። በሰላሙ ጊዜ ከማይሸት ዕቃ ጋር ተመርጦ ይጫናል። መኪና ሲጠፋ ግን ምርጫ የለም። ሳሙናው፣ በርበሬው፣ ጋዙ አንድ ላይ ይታጨቃል፤ ኬላ ላይ ሲቆም ሸራው ሥር ቀናት ያድራል። ተራውን ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ስታፈላው ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም። ጥሩው ግን የሚገዛው ለመዓዛው ነው። መዓዛው ከሄደ በተራው ዋጋ ከመሸጥ ሌላ ዕድል የለውም። የእሱ ኪሳራ ታዲያ ደህና በደረሰው ካርቶን ላይ ይደመራል። ጥሩው ከተራው ይበልጥ የተወደደበት ዋናው ምክንያት ይህ ነበር።

ቀጥለው መዝገቡን አስከፈቱኝና የጭነቱን ሒሳብ አሳዩዋቸው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በከሚሴ። ድሮ ሹፌሩ ዕቃውን ኮምቦልቻ አራግፎ ከፋብሪካዎቹ የመልስ ጭነት ያገኝ ነበር። ፋብሪካ ሲቆም ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ነዳጅ የሚከፍለው የእኛ ዕቃ ነው። መንገድ መከፈቱ ብቻውን ይህን አይለውጠውም።

ጦርነት ሲያልፍ ነገሩ ወዲያው ወደ ነበረበት አለመመለሱ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ሻይ ለአንድ ሰው በሳምንት ወደ 57 ግራም ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ጦርነቱ በ1945 አለቀ። የሻይ ራሽናቸው የተነሳው ግን በ1952 ነው።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ከባዶ የሚጀምር ነጋዴ በእጁ ባለችው ብር መጀመሪያ ዘይትና ዱቄት ይገዛል፤ ዛሬ ገብቶ ነገ ይሸጥለታል። ጥሩ ሻይ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ብሩን እዚያ ላይ የሚያስቀምጥ ጥቂት ነው፣ ዕቃውም በጥቂት ሰው እጅ ብቻ ይገኛል።

እትዬ ዝም ብለው ሰምተው የራሳቸውን ሒሳብ አመጡ። እኔን በጣም ያስተማረኝ ይሄኛው ነው። «ከአንድ ኪሎ ጥሩ ሻይ 400 ብርጭቆ አወጣለሁ። ኪሎው ላይ 200 ብር ብትጨምሩ በብርጭቆ 50 ሳንቲም ነው። ተራውን ካላበዛሁት ቀለም አይሰጠኝም። ስለዚህ ጥሩው አሁንም ያዋጣኛል። እኔን ያናደደኝ ጭማሪው ሳይሆን ምክንያቱን አለማወቄ ነው። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

ሀጂ ከዚያ በኋላ ዋጋ በተነካ ቁጥር ጭማሪውን ከፋፍዬ ደረሰኙ ጀርባ ላይ እንድጽፍ አዘዙኝ። ለቅጠሉ ስንት፣ ለጭነት ስንት፣ ለተበላሸው ስንት። ለእኔ ተጨማሪ ሥራ ነበር፤ ግን ደስ እያለኝ ነው የሠራሁት። በዚያው ሰሞን ከጦርነቱ በፊት የገባ፣ ከዘረፋ የተረፈ ሻይ አውጥተው በአዲሱ ዋጋ የሚሸጡ ነበሩ። «መልሼ የምገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው» ይላሉ። በዚህስ እውነት አላቸው። ታዲያ እንደዚያው ብሎ መናገር ነው እንጂ፣ ያልተጓዘበትን መንገድ ለምን ሰበብ ያደርጉታል? ጦርነት የጎዳውን ሰው እንዲህ አድርጎ መግፈፍ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፋብሪካዎቹ እየተነሱ ሲሄዱ መኪናው የመልስ ጭነት ማግኘት ጀመረ። የጭነቱን ሒሳብ ቀነስን። የተበላሸው ሒሳብ ግን አልወርድ አለ። እትዬ በመጡ ቁጥር ደረሰኙን ገልብጠው «ይኸኛውስ የሚወርደው መቼ ነው?» ይሉኛል። በመጨረሻ ሀጂ ከሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ጋር ሆነው፣ ሻይና ሽታ የሌለው ዕቃ ብቻ የሚጭን አይሱዙ በጋራ መከራየት ጀመሩ። ሦስተኛውን መስመር ያኔ ሰረዝኩት።