በሽምግልና ተስማምተን የተፋታንበት መንገድ

በአገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ የሚቀመጠው ለማስታረቅ ነው። እኔና የቀድሞ ባለቤቴ ግን ለመለያየት ቆርጠን ስለነበር፣ ከሽማግሌዎች የፈለግነው ልጃችን ሳትጎዳ፣ ንብረታችንም በክርክር ሳይባክን እንድንለያይ እንዲያግዙን ነበር። ይህን ገና ከጅምሩ በግልጽ መናገር እጅግ ይጠቅማል፤ ካልተነገረ ስብሰባው ሁሉ «ለልጃችሁ ስትሉ ታረቁ» በሚል ልመና ያልቃል።

ከየወገናችን አንድ አንድ ሰው መረጥን፤ ሰብሳቢ ያደረግነው ሁለታችንም የምናከብራቸውን፣ ሜክሲኮ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ነው። እሳቸውም ገና ስንቀመጥ «ልጆቼ፣ ማን በደለ የሚለውን እዚህ አንፈርድም፤ ወደፊት እንዴት እንደምትኖሩ ነው የምንነጋገረው» አሉን። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ ሽማግሌ ያግባባል እንጂ አያፋታም። ይሁን እንጂ በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች ፍቺውንና ውጤቱን የሚመለከት የጽሑፍ ስምምነት ለፍርድ ቤት ማቅረብ ስላለባቸው፣ የሽምግልናው ፍሬ የሚታየው በዚያ ሰነድ ላይ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የልጃችን ጉዳይ ነው፤ መውሰድም ነበረበት። «አባት ልጁን በፈለገ ጊዜ ያያል» ብለን የጻፍነውን ሰብሳቢያችን አሰረዙን፤ ነገ የሚያጣላችሁ ይህች «በፈለገ ጊዜ» ናት አሉ። በምትኩ አባቷ ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደሚወስዳትና እሑድ ከምሳ በኋላ እንደሚመልሳት፣ ገናንና ፋሲካን በየዓመቱ እየተፈራረቅን አብረናት እንደምንውል፣ ቀለቡ በየወሩ በየትኛው ቀን በባንክ እንደሚገባ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር ጭማሪውን እንዴት እንደምንካፈል፣ ብትታመም ለማሳከም የማንንም ፈቃድ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ሁሉ ተጻፈ። ዝርዝሩ ያለመተማመን ምልክት መስሏቸው የሚያፍሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለልጅ የሚሰጥ ትልቁ ጥበቃ ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

በንብረቱ ላይ ያን ያህል አልቆየንም። ኮንዶሚኒየሙ የተመዘገበው በእሱ ስም ነው፤ ሆኖም በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት፣ የስሙ ጉዳይ አላከራከረንም። እሱ ቤቱን ይዞ የቀረውን የባንክ ዕዳ እንዲከፍል፣ ለእኔም ድርሻዬን እንዲሰጠኝ ተስማማን። ብዙ ሰው የሚረሳቸው ገና ያልወጣ ዕቁብና በጋራ የተመዘገቡበት እድር ናቸው፤ የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚካፈል፣ በእድሩም ማን እንደሚቀጥል አብሮ መጻፍ አለበት።

ይህ መንገድ ግን ለሁሉም አይሆንም። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ባለበት ቤት አንዷ ፈርታ የምትፈርመው ወረቀት ስምምነት አይባልም፤ እንዲህ ያለች ሴት በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት እንድትሄድ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚያምኑት ሽማግሌ ያጡ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተደነገገውን ፍርድ ቤት መር የአስማሚነት አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ።

በችሎት ዳኛዋ ለየብቻና አብረን አነጋገሩን፤ ሁለታችንም ወደን መስማማታችንን ማረጋገጥ ነበረባቸው። ሕጉ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጡ ይፈቅድላቸዋል። ስምምነቱ የልጅን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ የማይጠብቅ ሆኖ ሲያገኙትም ፍቺውን ብቻ አጽድቀው ጉድለቱን በራሳቸው ውሳኔ ማረም ይችላሉ። የእኛን እንዳለ አጸደቁት። ከዚያ በኋላ የውሳኔውን ትክክለኛ ግልባጭ አውጥቶ ፍቺውን በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይቀራል።