አንድ ማኪያቶ ስንት ሰዓት ያስቀምጣል?

ቤት ቁጭ ብዬ መሥራት አልችልም። ሞክሬ አይቼዋለሁ። ገና ኮምፒውተሬን ሳልከፍት ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ «ዛሬ ቤት ነሽ አይደል? እስቲ ይህን ልጅ ያዥልኝ» ትላለች። እኛ ሰፈር ቤት የዋለ ሰው ሥራ ፈት ነው፣ በቃ። እናቴ ራሷ ለዘመድ በስልክ «እሷማ ምን አላት፣ ቤት ናት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ ገርጂ አካባቢ ያለች አንዲት ካፌ እገባለሁ። ጎረቤቴም አሁን «ሥራ ገባች» ትላለች።

ተርጓሚ ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲ በፈረንጆቹ 2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን በአማርኛም ማዘጋጀት አለባቸው። የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የክትባት ማስታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ቅጽ፣ ብዙ ነው። ከዚህ ጥቂቱ በአስተርጓሚ ድርጅት በኩል ዞሮ ዞሮ ገርጂ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እዚህ 10 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 11። ቀኑን ሙሉ በሰላም ስሠራ እውላለሁ፤ ጣጣው የሚመጣው ሰው ሁሉ ወደ ታክሲ ሲሮጥ ነው።

ካፌዋ ለደንበኛ የሚሆን ሶኬት ያላት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ከኬክ ማሳያው ጀርባ፣ አንዱ መስኮቱ ሥር። የመስኮቱ ወንበር ዙፋን ነው። ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ያልደረሰ አያገኘውም። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ነው፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ከደፋ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም። አንዷ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ደረሰኞቿን በላስቲክ አስራ ይዛ ትመጣለች። ሌላው ስብሰባ የሚወድ ሰውዬ ነው። «ሄሎ! ይሰማል? አሁንስ?» እያለ የድርጅቱን ጉዳይ ለካፌው ሁሉ ያነባል። በጀታቸው መቼ እንደሚጸድቅ እኛም እንጠብቃለን።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። 3 ሰዓት ላይ ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ጠጣሁ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛዬን ጠረገች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠረገች። በሦስተኛው የስኳር ዕቃውን አንስታ ከሥሩ ጠረገች። እኔ ደግሞ ንጽሕናቸው አስደስቶኝ «አመሰግናለሁ የኔ እናት» እላለሁ። በአራተኛው ግማሽ ውሃ ያለበትን ብርጭቆዬን ስታነሳ ቀና ብዬ አየኋት። ጎንበስ አለችና «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ባለቤቱ በካሜራ እያየ ነው። ውሃም ቢሆን እዘዢ» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰዓቴን ሳይ 6 ሰዓት ሊሆን ነው። በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት!

ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ሳንነጋገር ተግባብተናል። 3 ሰዓት ላይ ማኪያቶ፣ ነጣ ያለ። 5 ሰዓት ላይ አምቦ ውሃ። ከምሳ በኋላ ሻይ። ረቡዕና ዓርብ በኦቾሎኒ ወተት የሚሠራው የጾም ማኪያቶ ነው፤ ስለ ጣዕሙ ያለኝን አስተያየት ግን ለራሴ ላድርገው። ቆጠራዬን ከረሳሁ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግ ታደርገዋለች። ይገባኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን ይህ ስምምነታችን ትንሽ ከበደኝ። ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእኔ ክፍያ የሚታሰበው በዶላር ነው። አንዲት ቃል ሳልጨምር ደሞዜ በብር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። የእሷ ደሞዝ ያው ነው፤ የማኪያቶው ዋጋ ግን ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ተጻፈ። አዲሱን ዋጋ የነገረችኝ እሷ ናት፣ ያውም ይቅርታ እየጠየቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስወጣ ቲፑን በቴሌብር ለራሷ እልክላታለሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ለሁሉም ስለሚካፈል ነው። ይህን ስጽፍ ባልደረቦቿ እንዳያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ዓመት ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «ከ6 እስከ 8 ሰዓት ላፕቶፕ መጠቀም አይቻልም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» ቪዲዮ አቀናባሪው ተናዶ «ዋይፋይ ብሎ ለጥፎ ላፕቶፕ ይከለክላል!» ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ የሄደበት ካፌ ጭራሽ ሶኬቱን በፕላስተር ሸፍኖታል አሉ። እኔ በዚህ ነገር ከባለቤቱ ጋር ነኝ። ለአራት ሰው የተሠራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ባዶ ብርጭቆና አንድ ቻርጀር ተዘርግተው ሽሮ ፈላጊው በር ላይ ሲቆም አይቻለሁ። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ሽሮው ነው እንጂ የእኔ አምቦ ውሃ አይደለም።

በእነዚያ ሁለት ሰዓታት በረንዳው ላይ ጀበና ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጋ፣ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። መብራት የጠፋ ቀንም መጠጊያዬ እሷ ናት። ጄኔሬተሩ ሲነሳ የቡና ማሽኑንና ፍሪጁን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሶኬቶቹ ጸጥ ይላሉ። ያኔ ያ ስብሰባ ወዳዱ ሰውዬ «ሄሎ… ሄሎ…» ብሎ ብቻውን ይቀራል፣ እኛም እንስቃለን። የእሷን ከሰል ግን ማንም አያጠፋውም። «ባትሪሽ አለቀ?» ትለኛለች፣ ሲኒውን እያቀበለችኝ። አልቋል።

ጋሼን ሳላነሳ መጨረስ አልችልም። ጡረተኛ ናቸው። ካዛንቺስ ሰፈራቸው ሲፈርስ ርቀው ገብተዋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን አውቶቡስ ይዘው እስከዚህ ይመጣሉ። የመስኮቱ ወንበር ድሮ የእሳቸው ነበር አሉ፣ ከሶኬት ፈላጊዎቹ በፊት። አንድ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ያዝዙና ጋዜጣቸውን ከስፖርቱ ወደ ፊት ያነባሉ። ሁለት ሰዓት ይሁን ሦስት፣ የእሳቸውን ጠረጴዛ ማንም አይጠርግም። ስለ እኛ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው። «ፒያሳ ቶሞካ ሂጂ። በፈረንጆቹ 53 ነው የተከፈተው። ቡናው በቁም ነው የሚጠጣው። ተነሺ የሚልሽ የለም፣ መጀመሪያም አልተቀመጥሽም።»

መጋቢት ላይ ሥራ በዝቶብኝ የተቀመጥኩት ከእሳቸው ጋር ነው። የያዝኩት የአንድ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ነበር፤ ልጆቹ ሙዚየም ሊያዩ ነው፣ ወላጆች ምሳ አስይዘው እንዲልኳቸው ይጠይቃል። የጻፍኩትን ለራሴ ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ፤ ልማዴ ነው። «በመስክ ጉዞው ዕለት ተማሪዎች የታሸገ ምሳ ይዘው እንዲመጡ…»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «የታሸገ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቆርቆሮ ነው እንዴ? ጦር ሜዳ ነው የሚሄዱት?»

«አይ፣ ከቤት የሚቋጠር ምሳ ለማለት ነው።»

«ታዲያ ምሳ ዕቃ ይዘው ይምጡ አትዪም? ደግሞ መስክ አልሽ። ሙዚየም ውስጥ ምን መስክ አለ? ጉብኝት በይው።»

ሃያ ደቂቃ ስታገለው የነበረው ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተስተካከለ። አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩና አነበብኩላቸው። «በጉብኝቱ ዕለት ተማሪዎች ምሳ ዕቃቸውን ይዘው እንዲመጡ…» ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ጋዜጣቸው ሊመለሱ ሲሉ ቆም አሉ።

«ለዚህ ለሥራሽ ስንት ነው የሚከፍሉሽ?»

«በቃል ነው ጋሼ። በቃል ይቆጠራል።»

«እህ» አሉና አስተናጋጇን በጣታቸው ጠሩ። «የኔን ማኪያቶ ዛሬ በእሷ ሒሳብ ላይ አድርጊው። አንድ ድገሚኝ፣ እሱንም እዚያው።»