ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሐዋሳ፦ የማቆሚያና የሰዓት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ አቃቂ። ማደያው ተከፍቷል፣ ከጎኑ ያለው ጎሚስታም አምፖሉን አብርቷል። የምንሄደው ሐዋሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጉዞውን ሰዓት መቁጠር የምጀምረው እዚህ ነው። ከቤት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ፣ ያለው መንገድ እንደ ሰፈሩና እንደ ቀኑ ግማሽ ሰዓትም፣ ሰዓት ተኩልም ሊበላ ይችላል። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለውን ግን ብዙ ሳይሳሳቱ መገመት ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ የክፍያ ጣቢያውን የማልፍበትን ሰዓት እወስናለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ የመነሻዬን አወጣለሁ። ለዛሬ የያዝኩት 12፡15 ነው። ለነዳጅና ለጎማ 30 ደቂቃ፣ ሽንት ቤት ለመሄጃ 10 ደቂቃ እይዛለሁ። ልጆች ካሉ ይህቺን 10 ደቂቃ አትሰርዟት፤ ፈጣን መንገዱ ላይ እንደ ድሮው የደብረ ዘይት መንገድ በየደረሱበት ዳር ይዞ መውረድ የለም።

ነዳጅ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ማታውኑ ቴሌብር ላይ አስገቡ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያወጣችሁ ሁለተኛ ስልክም ይኑር። ስሌቱ ቀላል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና ሐዋሳ ለመድረስ 22 ሊትር ይበቃታል፣ ለደርሶ መልስ 44። የአብዛኛው ትንሽ መኪና ታንከር ከዚህ ስለሚያንስ አንድ ጊዜ መሙላት አይቀርም። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ሰልፍ የሌለበት ማደያ ካገኛችሁ ሙሉ፤ የመመለሻ ቀን ላይ አታቆዩት።

ብዙ ጊዜ የምወስደው ጎማው ላይ ነው። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለትንንሽ የቤት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 33 ፒ ኤስ አይ ነው። ጎማው ሲሮጥ ይሞቅና ከ4 እስከ 6 ይጨምራል፤ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ለክታችሁ "በዛ" ብላችሁ እንዳታስተነፍሱት። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ሽቦውንና ጎማውን ያላቅቃል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ ያገኛል፤ በ100 አያገኝም። ከተማ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያገለገለ ጎማ ፈጣን መንገድ ላይ ሰዓት ሳይሞላው የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

ጎሚስታው ጣቱን የሳሙና ውሃ ነክሮ የቫልቩን አፍ ይነካዋል። አረፋው ካላበጠ ደህና ነው። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እናያለን፦ 2319። እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ገና ነው፣ ነገር ግን ጥርሶቹ መሃል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይታያል። እንዲህ ያለውን ወደ ኋላ አዙሬ እንኳ ረጅም መንገድ አልወስደውም፤ እዚያው ይቀየራል። ስኮርታውም (ትርፉ ጎማም) ይለካል። ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው፣ ሲፈለግ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ክሪኩና የጎማ መፍቻው ከሻንጣዎቹ በላይ ይሁኑ፣ ከሥር አይሁኑ።

መስታወቱን ከውጭም ከውስጥም ጠረግነው። የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚሄደው፤ በተለይ በታኅሣሥና በጥር የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ዓይን ውስጥ ትገባለች። ከውስጥ በኩል የተቀመጠ ስስ አቧራ ያንን ብርሃን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ከሞጆ ወደ ባቱ ስንታጠፍ ፀሐይዋ ወደ ግራ ጎን ትዞራለች።

12፡15 ካርድ ይዘን ገባን። እስከ ሞጆ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሞጆ ባቱ ደግሞ 93 ነው፤ በድምሩ 143። ይህ በ120 ፍጥነት 71 ደቂቃ፣ በ100 ፍጥነት 86 ደቂቃ ይፈጃል። ትርፉ 15 ደቂቃ ነው፣ ማለትም አንድ የማደያ ሰልፍ። ለዚያ ብሎ ጎማውንም፣ ነዳጁንም፣ የፍሬን ርቀቱንም ማባከን ለእኔ አያዋጣም። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ስላለ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ይበዛሉ፤ ከኋላቸው ተጠግታችሁ አትከተሉ፣ የተቀደደ ጎማ ወደ ኋላ ይወረውራሉ።

መኪና ከተበላሸ ሙሉ በሙሉ ወደ ዳር አውጡት፣ ሰዎቹን ከብረት አጥሩ ወዲያ አስወጡ፣ ሦስት ማዕዘኑን ቢያንስ 100 እርምጃ ወደ ኋላ ወስዳችሁ አቁሙ። ድንጋይና ቅጠል የምታስቀምጡ ከሆነ ስትሄዱ አንሱት። በማታ መኪና የሚገለብጠው ሰው ትቶት የሄደው ድንጋይ ነው።

ባቱ 2 ሰዓት አካባቢ ደረስን። ቁርሱ እዚህ ነው፤ 40 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ሾፌሩ ቀለል ያለ ነገር ይብላ። ከፊቱ ሙቀትና ቀጥ ያለ መንገድ አለ፣ ጥጋብ ሲጨመርበት እንቅልፍ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሽሮና የጾም ፍርፍር አይጠፋም። ዓሣውን ለመልስ ምሳ አቆየዋለሁ።

ከባቱ በኋላ የምከተለው ነባሩን መንገድ ነው፤ እስከ ሻሸመኔ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚህ ስሌቱ ይለወጣል። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ውሃ የጫነ አህያ፣ ወደ ግጦሽ የሚሻገር ከብት ስላለ ቢያንስ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያዙ፣ የገበያ ቀን ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ ጥጃ ከተሻገረ ሁለተኛው ከኋላው አለ ብላችሁ አቁሙ። ሻሸመኔ መሃል ላይ ማቆም አያስፈልግም፤ 25 ኪሎ ሜትር ነው የቀረው። ሐዋሳ 5 ሰዓት ላይ ገባን።

መልሱ ዳገት ነው። ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። ስለዚህ ሲወርዱ ያልታየ የራዲያተር ችግር ሲመለሱ ይወጣል። የሙቀቱ መርፌ ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ክዳኑን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይበርድ አትንኩት፣ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል። እሑድ ከሐዋሳ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን፣ ባቱ ምሳችንን በልተን፣ ከ8 ሰዓት በፊት ቱሉ ዲምቱ መድረስ ነው ዕቅዱ። ከ10 ሰዓት በኋላ የቅዳሜና እሑድ ተጓዥ በሙሉ አንድ ላይ ስለሚመጣ ክፍያው ላይ ሰልፍ ይሠራል፣ ከዚያም የቃሊቲ መጨናነቅ ይጠብቃል። ቤታችሁ በቦሌና በጎሮ በኩል ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ በኮዬ ፈጬ ታጠፉ።