ሁሉም «ሙቀት ነው» ያለው የስክሪን መጥፋት

የድሬዳዋን አሮጌ የባቡር ጣቢያ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም እየሠራሁ እንደነበር የምታውቁ ጓደኞች ለምን ዝም እንዳልኩ ስትጠይቁ ነበር። ሥራው የቆመው በጣቢያው ምክንያት አይደለም። አዲስ የገጠምኩት ግራፊክስ ካርድ ሬንደር (ሞዴሉን ወደ ተጠናቀቀ ምስል የመቀየር ሥራ) በጀመረ ቁጥር ስክሪኑን እያጠፋ አላስቀጥል ብሎኝ ነው። አሁን ስለተፈታ አፈታቱን ላካፍላችሁ፤ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ የሚጨምርበት ሰው በመካከላችን ብዙ ነውና።

ካርዱ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ኮምፒውተሩ ለቢሮ ሥራ የተሠራ ታወር ሲሆን ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ላይ 300 ዋት የሚል ጽሑፍ አለ። ካርዱ ባለ 8 ፒን የኃይል ኬብል ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ እንዲህ ያለ ኬብል የለውም። ስለዚህ ካርዱ የተሸጠልኝ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው መሰኪያ) ወደ 8 ፒን ከሚቀይር አጭር ኬብል ጋር ነበር።

ቪዲዮ ሳይ፣ ሞዴሉን ሳገላብጥ፣ ስጽፍ ምንም ችግር የለም። የብሌንደር የሬንደር ሞተር በሆነው በሳይክልስ ሬንደር ሳስጀምር ግን ስክሪኑ ድርግም ይላል፤ ሞኒተሩ ሲግናል እንደሌለ ይናገራል፤ የካርዱ ማራገቢያዎች ባላቸው ፍጥነት ሁሉ ይጮኻሉ። የከፈትኩት ሙዚቃ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። መውጫው ማጥፊያውን ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው።

ለማን ብነግር መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፦ «አቦ፣ ይህ የድሬ ሙቀት ነው!» በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ በሚደርስ ከተማ ይህን ማለት አያስወቅስም። ነገር ግን ሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። የእኔ ስክሪን የሚጠፋው ሬንደሩ በተጀመረ በሴኮንዶች ውስጥ፣ ገና ካርዱ ሳይሞቅ ነው፤ ያውም ጎሕ ሲቀድ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጭምር። በዚያ ላይ ጤነኛ ካርድ ሲግል መጀመሪያ የሚያደርገው ፍጥነቱን መቀነስ ነው። የሙቀት መጠኑን በፋይል እንዲመዘግብ አድርጌ ሳየው ስክሪኑ ሲጠፋ 60 ዲግሪ እንኳን አልሞላም። ሙቀትን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰረዝኩት። ጓደኞቼ ግን እስካሁን አልሰረዙትም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ስክሪኑ እንዴት እንደሚጠፋ ልብ ብሎ ማየት ነው። ጠፍቶ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ራሱ ከተመለሰ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር ከሚያግባባው ሶፍትዌር) ጋር የተያያዘ ነው፤ ዊንዶውስ ካርዱ 2 ሴኮንድ ያህል መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳል፣ በክስተት መዝገቡም (ኢቨንት ቪወር) ላይ ቁጥር 4101 ይጽፋል። ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ከተመለሰና መዝገቡ ላይ ምንም ከሌለ የሞኒተሩን ኬብል መለወጥ ይቀድማል። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከተነሳ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል አቋርጦ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ ድምፁ ቀጥሎ ማራገቢያው ከጮኸ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ የወደቀው ካርዱ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ወይ ካርዱ ራሱ ታሟል፣ ወይ የሚደርሰው ኃይል ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጨምር። መዝገቡን ስትከፍቱ ቀይ ምልክት ያለበት «ከርነል ፓወር 41» ታገኛላችሁ። «ፓወር» የሚለውን አይቶ ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ የሮጠ ሰው አውቃለሁ። ትርጉሙ ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ብቻ ነው። ማጥፊያውን ተጭናችሁ ስትይዙም ይኸው ይጻፋል። ማስረጃ አይሆንም።

ድራይቨሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቼ ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም አጸዳሁ፤ ዊንዶውስ የራሱን እንዳያመጣ ኢንተርኔቱን ነቅዬ አዲስ ጫንኩ። ምንም ለውጥ የለም። የሞኒተሩን የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል በኤችዲኤምአይ ኬብል ተካሁ፤ ያው ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን የማሳያ ድራይቨሩን ዳግም ያስነሳል፤ ስክሪኔ ግን አልተመለሰም።

መንገዱን ያሳየኝ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ ነው። አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 65 በመቶ አወረድኩ። ካርዱ በሙሉ ጉልበቱ 125 ዋት ስለሚወስድ ይህ 80 ዋት ገደማ መሆኑ ነው። ሬንደሩ ዘገየ እንጂ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ጣሪያውን መልሼ ስሰቅለው ጠፋ። ቀጥሎ ካርዱን ይዤ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ወደሚኖር ጓደኛዬ ሄድኩ። የእሱ ፓወር ሰፕላይ የራሱ 8 ፒን ኬብል አለው። እዚያ ጣሪያውን ሳልነካ፣ ያውም በጠራራ ከሰዓት፣ ሬንደሩ ያለ እንከን አለቀ። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የጓደኛዬም ቤት መብራት ያው የከተማው ስለሆነ «የከተማው መብራት ነው» ያሉት ጥቂቶችም መልስ አገኙ።

ቀሪው ሒሳብ ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ቀዳዳ እስከ 75 ዋት፣ ትክክለኛ ባለ 8 ፒን ኬብል ደግሞ እስከ 150 ዋት እንዲያቀርቡ የተደነገጉ ናቸው። የሳታ መሰኪያ ግን በ12 ቮልት መስመሩ 4.5 አምፔር ብቻ ይችላል፤ ሲባዛ 54 ዋት ነው። ይህ ለተሠራለት ለሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ካርዱ ግን አብዛኛውን ኃይሉን የሚስበው ከ8 ፒኑ ነው፤ ጭነት ሲጀምር ደግሞ ለሚሊሴኮንዶች ከተጻፈለት በላይ ይጎትታል። በቴስተር ስለካው፣ ካርዱ ሥራ ሲፈታ በኬብሉ ቢጫና ጥቁር ሽቦዎች መካከል ከ12 ቮልት በላይ ነበር፤ ሬንደር ሲጀምር ከ11.4 በታች ወረደ። የተፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። የሳታው ፕላስቲክ ጫፍም መጥቆር ጀምሯል። ይህ ከስክሪኑ መጥፋት በላይ ያስፈራል፤ እንዲህ ያለ ኬብል ቀልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና የተጠቀማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። መለካት የምትፈልጉም የቴስተሩ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ፤ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ደግሞ አትክፈቱ፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ፓወር ሰፕላይ ፍለጋ እዚሁ ድሬዳዋ ያለውን ታይዋን የሚባለውን ገበያ ዞርኩ። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አልጽፍም፤ ስለ አመራረጡ ግን ይህን እላለሁ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ተዉትና ጎኑ ላይ ባለው ሰንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉ። «500 ዋት» የሚል አንዱን ገልብጬ ሳየው በ12 ቮልት 18 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 216 ዋት። ባለሱቁ ስሌቱን ስነግረው ሳቀ፤ ዕቃውን ግን ወደ መደርደሪያው መለሰው። የገዛሁት ያገለገለ ቢሆንም በ12 ቮልት 38 አምፔር የሚሰጥ፣ 8 ፒኑ ከራሱ የሚወጣ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ያለው ካጋጠማችሁ ሳትሰኩት በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ፤ የእኛ መስመር 220 ነው። አንዳንድ የቢሮ ታወሮች የማዘርቦርዳቸው መሰኪያ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ መደበኛ ፓወር ሰፕላይ አይቀበሉም። የእኔው መደበኛውን 24 ፒን የሚቀበል ነበር፤ እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ሽፋኑን ከፍታችሁ የመሰኪያውን ፒኖች ቁጠሩ።

ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ጠፍቶ አያውቅም። የኃይል ጣሪያውን አሁን 85 በመቶ ላይ ያቆየሁት በፍላጎቴ ነው፤ ሬንደሩ እምብዛም አይዘገይም፣ የማራገቢያው ጩኸት ግን ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ካርዱ 76 ዲግሪ ይደርሳል። ቀጥሎ የምሠራው ከፊት ለፊቱ ሽፋን የሚገባውን አቧራ የሚይዝ ወንፊት ነው፤ ነፋሱን ሳይከለክል የሚሠራ ጨርቅ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።