«እንዴት ብዬ ላውራው?»

የሽንት ኢንፌክሽን በተመለሰ ቁጥር ሌላ አንቲባዮቲክ መጻፍ ቀላል ነው። በተለይ እንደኛ ከከተማ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ፣ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) በማይሠራበት ክሊኒክ።

እኒህ አባት ሲመጡ በየቦታው የታከሙበትን ወረቀት በፌስታል ይዘው ነበር። ሲፕሮ፣ ኖርፍሎክሳሲን፣ እንደገና ሲፕሮ። ሲውጡ ይሻላቸዋል፣ ሲጨርሱ ይመለስባቸዋል። ሽንት አዘዝኩ። የላብራቶሪው ልጅ ውጤቱን መላኩን ትቶ ራሱ መጣ።

«ዶክተር፣ መግሉ ብዙ ነው። ግን የምግብ ቅንጣት የሚመስል ነገርም አየሁ። ዕቃው ቆሽሾ እንዳይሆን በአዲስ ልድገመው።»

ደገመው። ያው ነው።

ልጃቸውን ለአፍታ ውጭ እንድትጠብቅ ለመንኳት።

«አባቴ፣ ሽንት ሲሸኑ አየር አብሮ ይወጣል?»

መሬት መሬቱን አዩ። «ይወጣል ልጄ። እንደ ፈስ ነው። እንዴት ብዬ ላውራው?» ሽታው ስለሚያሳፍራቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል። የልቅሶ ቤትም አይቀመጡም። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ፊኛ ውስጥ አየር መኖር የለበትም። በቅርቡ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ገብቶ ከሆነ ሊኖር ይችላል። ስኳር ሕመም ባለበት ሰው ጋዝ የሚያመርት ባክቴሪያም ያመጣዋል። እሳቸው ሁለቱም የለባቸውም። ስለዚህ አንጀትና ፊኛ ተበሳስተው ተገናኝተዋል፣ ማለትም ፊስቱላ አለ ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሪፈራሉ ላይም እንዲሁ ጻፍኩ።

ልጃቸው ደነገጠች። «ፊስቱላ የእናቶች በሽታ አይደል እንዴ?» አለች። አልፈረድኩባትም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የፊስቱላ ሆስፒታል አላት፤ ሰው በሽታውን የሚያውቀው ምጥ ከጠናባቸው እናቶች ጋር ነው። ይኸኛው ግን ወንዶች ላይ ይበዛል። ሴቶች ላይ ማሕፀን መሃል ገብቶ ፊኛውን ይከልላል።

ሲቲ ስካኑ ፊኛው ውስጥ አየር አሳየ። የታችኛው ትልቁ አንጀት ግድግዳ ወፍሮ ፊኛው ላይ ተጣብቋል። ቀዳዳው ራሱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በካሜራ ፊኛውን ሲያዩ የቀላና ያበጠ ቦታ ብቻ ያገኛሉ። ኮሎኖስኮፒም (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) ተሠራ፤ ይህ የሚታለፍ አይደለም። ካንሰር ከሆነ ከፊኛውም ጭምር ቆርጦ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። የእሳቸው ካንሰር አልነበረም። አንጀት ግድግዳ ላይ የሚወጡ ዳይቨርቲኩላ የሚባሉ ትንንሽ ከረጢቶች ቆስለው ነው።

ቤተሰቡን በጣም ያስፈራው «ሰገራ በሆዱ ሊወጣ ነው» የሚለው ወሬ ነበር። መግል ወይም ከባድ ብግነት ካለ ለጊዜው እንደዚያ ይደረጋል። እሳቸው ግን በአንድ ቀዶ ሕክምና ተጠናቀቀላቸው። የፊኛውን ቀዳዳ ብቻ መስፋት አይበቃም፤ የታመመው አንጀት ካልወጣ ይመለሳል። ስለዚህ ያ ክፍል ተቆርጦ ጤነኛው ከጤነኛው ተገጠመ። ፊኛው ተሰፋ። ሁለቱ ዳግም እንዳይጣበቁ ሐኪሞቹ ከራሳቸው ከታካሚው የሆድ ሞራ መሃላቸው አደረጉ። ካቴተሩ ለቀናት ቆየ፤ ከመውጣቱ በፊት ፊኛው እንደማያፈስ በራጅ ታየ።

አሁን በክሊኒካችን ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው ሁሉ ስለ አየሩ እንጠይቃለን። አስታማሚ ካለ መጀመሪያ ውጭ እንዲቆይ እንለምናለን።