«ለምን?» ብዬ የጠየቅኩበት ሰዓት

ወንበሩ ሲወድቅ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ዞር ስል ልጁ ቆሟል። 13 ዓመቱ ነው። ደብተሩ መሬት ላይ ተበትኗል፤ ጡጫው ተጨብጧል፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። የክፍሉ ልጆች ግን የሚያዩት እሱን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ምን እንደማደርግ ይጠብቃሉ።

ማስተማር ከጀመርኩ 4ኛ ዓመቴ ነው። ክፍል መያዝ እችላለሁ ብዬ የማምንበት ጊዜ። ፊቱ ሄጄ ተገተርኩ።

«ለምንድን ነው እንዲህ ያደረግከው?»

ዝም።

«እያናገርኩህ ነው! ቀና ብለህ እየኝ!»

አሁንም ዝም። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በሩ ከጀርባዬ ነበር፤ ለካ መውጫውን ዘግቼበታለሁ። አንድ እርምጃ ስጠጋው ጠረጴዛውን በእግሩ ገፋው። ጠረጴዛው ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ጉልበቷን መታት። እሷ አለቀሰች፣ ክፍሉ ተተራመሰ።

ጩኸቱን ሰምተው አንጋፋዋ ባልደረባዬ ከጎን ክፍል መጡ። በእጃቸው ወደ ጎን እንድል ምልክት ሰጡኝ። ሌላ ሰው ልጅቷን ይዞ እንዲወጣ አደረጉ። ከዚያ ከልጁ ሁለት እርምጃ ያህል ርቀው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊት ለፊቱ ሳይሆን በጎኑ።

«በጣም ተናደሃል» አሉት ቀስ ብለው። «እዚሁ ነኝ። አልቸኩልም።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዝምታው ለእኔ የዓመት ያህል ረዘመብኝ። ቀስ በቀስ የልጁ ትከሻ ወረደ። ጡጫው ተፈታ። «ወጣ እንበል?» ሲሉት ተከትሏቸው ወጣ።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። አሞላቀቁት ብዬ ነው ያሰብኩት። በኋላ ሳገኛቸው «ጥያቄህ ትክክል ነው» አሉኝ። «ያኔ ግን የሚመልስልህ ልጅ እዚያ አልነበረም።»

ነገሩ የገባኝ ማንበብ ስጀምር ነው። ሰው በጣም ሲናደድ ወይም ሲፈራ አንጎል ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል የአደጋ ደወል ይደውላል። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ማመዛዘን፣ ራስን መግታት፣ ምክንያት መናገር ደግሞ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራ ነው። እሱ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይዳከማል። በዚያ ላይ ይህ ክፍል በልጆች ገና አልበሰለም፤ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እያደገ ይቀጥላል። እኔ «ለምን?» ብዬ የጠየቅኩት ይህንኑ ክፍል ነው። ጩኸቴ፣ በሩን መዝጋቴ፣ የ30 ልጅ ዓይን ሲጨመርበት ለሰውነቱ ሌላ አደጋ ሆነበት።

«በጣም ተናደሃል» የምትለዋም ነገር ያለ ምክንያት አልሠራችም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ፊት ላይ የሚያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ የአሚግዳላቸው እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። ጥናቱ የተሠራው አዋቂዎች ላይ ነው፤ ወንበር የሚወረውር ልጅ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሁሌም ይሠራል አልልም። «አልተናደድኩም!» ብሎ የሚጮህብኝ አለ፤ ያኔ አልከራከርም። ከትንንሾቹ ጋር ጎንበስ ብዬ ከዓይናቸው እኩል እሆናለሁ። ጎረምሶቹን ግን ፊት ለፊት አልጋፈጣቸውም፤ ከሁሉ በፊት ተመልካች እንዲቀንስላቸው አደርጋለሁ።

በማግስቱ ከልጁ ጋር ጎን ለጎን እየተራመድን አወራን።

«ሊመጣብህ ሲል ምን ይሰማሃል?»

«እጄ ይሞቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አልሰማም ቲቸር። አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው።»

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቃት። የላላውን የጠረጴዛ እግር ከጠጋኙ ጋር ሆኖ አጠበቀ። ይህን አላስቀረሁለትም፤ የመታት ልጅ ነገሩ እንደዋዛ ሲታለፍ ማየት የለባትም። ያዘገየሁት ሰዓቱን ብቻ ነው።

ባልደረባዬ ደብተር እንድይዝ መከሩኝ። በሦስት ዓምድ፦ ከመፈንዳቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። የልጆች ባህሪ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። በሦስት ሳምንት 5 ጊዜ መዘገብኩ። አንድ ቀን ማታ ተቀምጬ አነበብኩት። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ 4 ጊዜ የተጻፈው ያው ነው፦ «ቡድን ሥሩ አልኳቸው።» በሦስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ በራሴ እጅ «ከክፍል አስወጣሁት» ይላል።

ደብተሩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቡድን ሥሩ ስል ልጆቹ እየተጠራሩ ይሰባሰባሉ። እሱን የሚጠራው የለም። ብቻውን ቆሞ ከመታየት ወንበር መጣል ይቀለዋል፤ ከዚያ እኔ አስወጣዋለሁ፣ ይገላገላል። ቀጣሁት ስል ለካ መውጫውን የማሳየው እኔው ነበርኩ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑን እኔ እመድባለሁ። ስማቸው ሳይገቡ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ለእሱ ከአንድ ቀን በፊት እነግረዋለሁ። ምልክትም ተስማማን። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ጫፍ ካስቀመጠ ያለ ጥያቄ 5 ደቂቃ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ቀን 3 ጊዜ ወጣ። «መጫወቻ አደረገህ» ያሉኝ ነበሩ፤ እኔም ሰግቼ ነበር። ታገስኩ። ቀስ በቀስ እየቀነሰ መጣ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንድ ቀን ግን ወንበሩ እንደገና ወደቀ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሩ ፊት ገለል አልኩ። ረጅም ትንፋሽ ወደ ውጭ ለቀቅኩ፤ አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ስለሚረጋ ነው፣ መጀመሪያ መርጋት ያለብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ልጆቹን ከሌላ መምህር ጋር አስወጥቼ በጎኑ ተቀመጥኩ።

«ከብዶሃል» አልኩት። «እዚሁ ነኝ።»

ብዙ ቆየን። ከዚያ ማንም ሳያዘው ጎንበስ ብሎ ወንበሩን አነሳው። እግሩ ተሰብሮ እንደሆነ ገልብጦ አየ። አስተካክሎ አቆመውና ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ይሰማኝ ነበር» አለኝ።